«ከረጢቱን ፈታ»፦ ስለ «ካንግ ካይ ጂዬ ናንግ» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቻይንኛ እንደምናገር የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ያን ሁሉ ሆሄ እንዴት ያዝከው?» ብሎ ነው። እሱን ሌላ ቀን እመልሰዋለሁ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሁሌም ወደ ገንዘብ ይሄዳል። በተለይ ከቻይናውያን ጋር የሚውሉ ልጆች፣ ዱከም ፋብሪካ ያሉት፣ መንገድ ሥራ ላይ ያሉት፣ ዕቃ የሚያስመጡት፣ በሆነ ስብሰባ ወይም እራት ላይ «ካንግ ካይ ጂዬ ናንግ» የሚል ነገር ይሰሙና «ምን አሉን? ብር ጠየቁን እንዴ?» ይሉኛል። አንዳንዴ አዎ፣ ጠይቀዋችኋል። ብዙ ጊዜ ግን አመስግነዋችኋል። ጥያቄው ስለበዛ መልሱን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

ባጭሩ ምን ማለት ነው?

«በቸርነት ከረጢቱን ፈታ» ማለት ነው። አንድ ሰው የሌላውን ችግር አይቶ፣ ሳያንገራግር ገንዘቡን ሲያወጣ ይባልለታል። እንዲህ ያሉትን አባባሎች ቻይናውያን «ቼንግ ዩ» ይሏቸዋል። በሺዎች ይቆጠራሉ፤ አብዛኞቹ አራት ሆሄ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ከጥንታዊው የጽሑፍ ቋንቋ ስለመጡ ቃል አያባክኑም። አራት ድምፅ፣ አለቀ።

እያንዳንዱ ሆሄ ሲፈታስ?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፤ አባባሉን ያስወደደኝ ይሄ ክፍል ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ «ካንግ» እና «ካይ»፣ ተጣምረው አንድ ቃል ይሆናሉ። ዛሬ «ለጋስ» ማለት ነው። ሁለቱም በግራ ጎናቸው የልብ ምልክት አለባቸው፤ ቀጠን ብሎ የቆመ ልብ። ጥንት ግን ይህ ቃል ከገንዘብ ጋር አይተዋወቅም ነበር። የስሜት ቃል ነበር። ደም ሲፈላ፣ እንባ ሲተናነቅ፣ ሰው መቀመጥ አቅቶት ተነስቶ ሲያንጎራጉር የሚባል። የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን፣ ሺያንግ ዩ የሚባለው የጦር መሪ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዓመት ግድም በጠላት ተከብቦ፣ ማታ ድንኳኑ ውስጥ በሐዘን ያንጎራጎረውን የሚገልጸው በዚሁ ቃል ነው። ሺያንግ ዩ ያን ሌሊት ለማንም ብር አልሰጠም። ልቡ ነበር የተነካው። «ለጋስ» የሚለው ትርጉም የመጣው ኋላ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው ልብ ነው፤ ከረጢቱ ሦስተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ሦስተኛው «ጂዬ» ነው፤ «መፍታት»። ሆሄው ውስጥ ቀንድ፣ ቢላዋና በሬ ተሰድረዋል። በሬ ሲበለት ማለት ነው። አሁን ልብ በሉ። ቻይናውያን ቋጠሮ የሚፈቱት በ«ጂዬ» ነው። የሒሳብ ጥያቄ የሚፈቱት በ«ጂዬ» ነው። ችግር የሚፈቱት በ«ጂዬ» ነው። ህልም የሚፈቱትም በዚሁ በ«ጂዬ» ነው! መጀመሪያ ሳየው ደብተሬን ዘግቼ ነው የሳቅኩት። የእኛ «ፈታ» የሚዞርባቸው ቤቶች ሁሉ ደጃፍ ላይ ይሄ ቃል ቀድሞ ተቀምጦ ነው የጠበቀኝ። ሁለቱ ቋንቋዎች እኮ ምንም ዝምድና የላቸውም። ትዳር ሲፈታ ግን እነሱ ሌላ ቃል አላቸው፤ እዚያ ጋ እንለያያለን።

አራተኛው «ናንግ» ነው፤ ከረጢት። ለመጻፍ 22 ጭረት ይፈልጋል። ጀማሪ ተማሪ የሚያለቅስበት ሆሄ ነው። የድሮ ሰው ገንዘቡን አፉ በገመድ በሚታሰር ከረጢት ይይዝ ስለነበር፣ መስጠት ማለት ገመዱን መፍታት ነው። ይሄ ለእኛ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይደለም። እናቶቻችን ብራቸውን በመቀነት ወይም በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው አይደል የሚይዙት? ለደብተር ብር ጠይቆ፣ ያ ቋጠሮ በጣትና በጥርስ ቀስ እያለ ሲፈታ ቆሞ ያልጠበቀ ልጅ የለም። እጁ የማይፈታውን ሰው ደግሞ ምን እንለዋለን? «ቋጣሪ»። እነሱ ለጋሱን በመፍታት ጠሩት፣ እኛ ስስታሙን በመቋጠር።

አነባበቡስ?

«ካ» እንጂ «ቃ» አትበሉ፤ ትንፋሽ ይውጣበት። ቻይንኛ ቃና ያለው ቋንቋ ስለሆነ፣ ማለትም የድምፁ መውጣትና መውረድ የቃሉን ትርጉም ስለሚለውጥ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። «ካንግ» ከፍ ብላ ቀጥ ትላለች። «ካይ» እና «ጂዬ» ሁለቱም ዝቅ የሚሉ ሦስተኛ ቃናዎች ናቸው፤ ሁለት ሦስተኛ ቃና ሲከታተል ግን ፊተኛው ይለወጥና ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ «ካይ» ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅ ሽቅብ ትሄዳለች፣ «ጂዬ» ዝቅ ትላለች፣ «ናንግ» እንደገና ትወጣለች። ብትሳሳቱም አራቱ አንድ ላይ ከመጡ ጆሯቸው የቀረውን ይሞላዋል። «ጂዬ»ን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ወደ መጨረሻ እመለስባታለሁ።

ከጀርባው ታሪክ አለው?

አንዳንዱ ቼንግ ዩ ከነ ባለቤቱ፣ ከነ አገሩና ከነ ዘመኑ የሚታወቅ ታሪክ አለው። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ከረጢቱ ግን የራሱ ታሪክ አለው፤ እሱን ልንገራችሁ።

ከ1,700 ዓመት ገደማ በፊት፣ በጂን ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ሩዋን ፉ የሚባል ሰው ጥቁር ከረጢት አንግቶ ዛሬ ሻኦሺንግ በምትባለው ከተማ አካባቢ ይዞር ነበር አሉ። አንዱ «ከረጢትህ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀው። እሱም «አንዲት ሳንቲም ብቻ ናት፤ ከረጢቱን እንድትጠብቅ ነው የተውኳት፣ ባዶውን ሆኖ እንዳያፍር» አለው። የሚያፍረው እሱ አይደለም፣ ከረጢቱ ነው! ከዚህ ነው «ናንግ ጆንግ ሺዩ ሰ» የሚለው አባባል የመጣው፤ ከረጢቴ ውስጥ ዓይን አፋርነት አለ እንደማለት። ዛሬም ቻይናዊ ጓደኛችሁ እራት ጋብዛችሁት ወይም ጉዞ ጠርታችሁት በዚህ አባባል ቢመልስላችሁ፣ ኪሱ ባዶ መሆኑን በጨዋ አፍ እየነገራችሁ ነው። ወሩ መጨረሻ ላይ ለምንገኝ ለሁላችንም የሚሆን ቃል ነው።

ስለ ራሴ ልለው እችላለሁ?

አይሆንም። ይሄ ትልቁ ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ።

አብሮን የሚሠራ ሰው ታሞ መዋጮ አወጣን። የድርሻዬን ሰጠሁና፣ አዲስ የተማርኩትን ለማሳየት ጓጉቼ፣ ስም ለምትመዘግበው ቻይናዊት የሥራ ባልደረባችን «እኔም ካንግ ካይ ጂዬ ናንግ አድርጌያለሁ» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። መሳቅ ብቻ አይደለም፣ ዞራ ለጎረቤቷ ነገረቻት። በኋላ ሲገባኝ ያልኩት ነገር በአማርኛ «እኔ ቸሩ፣ እኔ ደጉ፣ ይኸው ሰጠሁ» እንደማለት ነው። በዚያ ላይ የሰጠሁት ብር የሚያስፎክር አልነበረም።

አባባሉ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ምስጋና ነው። «እሳቸው ከረጢታቸውን ፈቱልን»፣ «እናንተ ከረጢታችሁን ፈታችሁልን»። ለራስ ሲሆን «ዪ ዲየን ሺን ዪ» ነው የሚባለው፤ «ትንሽ የልብ ሐሳብ» እንደማለት፣ እኛ «ትንሽ ናት፣ እንደ ብዙ ቁጠሩልኝ» የምንለውን ቦታ ይይዛል። ሚሊዮን ሰጥተውም «ዪ ዲየን ሺን ዪ» ነው የሚሉት። «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» እየተባለ ላደገ ሰው ይሄ አይከብድም።

የሚሰጠው ገንዘብ ትልቅ መሆን አለበት?

የግድ አይደለም። የኪስ ገንዘባቸውን ያዋጡ ተማሪዎችም ይባልላቸዋል። የሚለካው ብሩ ሳይሆን አለማንገራገሩ ነው። አንድ ሰው ሲለመን ከርሞ፣ ሦስት ጊዜ ተደውሎለት፣ ከዚያ ለፎቶ መጥቶ ትልቅ የካርቶን ቼክ ቢይዝ ሰዎቹ በጨዋነት ካንግ ካይ ጂዬ ናንግ ይሉለታል፤ ግን ቃሉ ያኔ የወግ ብቻ ነው።

ለጋራ መዋጮ ደግሞ ሌላ አባባል አላቸው፤ ብዙ ሰው እንጨት ከለቀመ ነበልባሉ ከፍ ይላል ይላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብላችሁ ብትተረጉሙት አትሳሳቱም።

«ዪ ጅ ቺየን ጂን» ከሚለው በምን ይለያል? ሁለቱም ብር ስለማውጣት አይደሉም?

ሁለቱም ብር ያወጣሉ፤ የሚሄደው ግን ለየቅል ነው። «ዪ ጅ ቺየን ጂን» ማለት «በአንድ ውርወራ ሺህ ወርቅ» ነው። ውርወራው የቁማር ነው። መነሻው በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጻፈ የወጣት ጀብደኞች ግጥም ሲሆን፣ እዚያ ሺህ ወርቅ በአንድ እጅ ሲወረውር ደፋር ነው የተባለው ልጅ ቤቱ ገብታችሁ ብታዩት ባዶ ነው። ዛሬ ይህን የምትሉት ለመኪና፣ ለሰዓት፣ ለጠርሙስ ውስኪ ብር ለሚበትን ሰው ነው። ከዚህ የከፋው «ኹዌይ ጂን ሩ ቱ» ነው፤ ወርቅን እንደ አፈር መበተን። ይሄ ስድብ ነው። አለቃችሁን ለማመስገን ብላችሁ እንዳትሉት!

በነገራችን ላይ «ቺየን ጂን»፣ ሺህ ወርቅ፣ ሌላም ሥራ አለው። የሌላ ሰውን ሴት ልጅ በአክብሮት ስታነሱ «ሺህ ወርቅዎ እንዴት ናት?» ትላላችሁ። ደስ የሚል ነገር ነው።

በመካከል ያለ፣ ለመመደብ የሚያስቸግር ሰውም አለ። ባለቅኔው ሊ ባይ (701–762) ሥራ ፍለጋ ለአንድ ባለሥልጣን በጻፈው ደብዳቤ፣ ያንግጆው ከተማ ሳለሁ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ300,000 በላይ ሳንቲም በተንኩ፣ የተቸገሩ የጨዋ ልጆች ሲመጡ ሁሉንም ረዳሁ ይላል። እንግዲህ ይሄ ከረጢት መፍታት ነው ወይስ ወርቅ መበተን? ለተቸገረ ስለሰጠ መጀመሪያው ነው እላለሁ። ግን ራሱ ስለ ራሱ፣ ያውም በሥራ ማመልከቻ ላይ መጻፉ… ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ሊቅ ስለሆነ ይቅር እንበለው።

በሰው ብር የሚለግስስ?

ይሄን ጥያቄ ስወደው! ለእሱ የተለየ አባባል አለ፤ «ካንግ ታ ረን ጅ ካይ»። አሠራሩን እዩት። «ካንግካይ»ን፣ ለጋስ የሚለውን ቃል፣ መሐል ለመሐል ሰንጥቀው «የሌላ ሰው» የሚል አስገቡበት። ልግስናው ውስጥ ባዕድ ሰው ገብቶ ተቀምጧል። በመሥሪያ ቤቱ በጀት ጮማ የሚያስቆርጠው፣ በወንድሙ ብር ሚዜ የሚጋብዘው፣ «ለእሱም ቁረጥለት!» እያለ ሒሳቡ ሲመጣ ስልክ የሚያነሳው፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። ቃሉ ወቀሳ ነው፤ ፊት ለፊት አይባልም።

ቀለል ያለውና የማያስቀይመው «አበባ ተውሶ ለቡድሃ ማቅረብ» የሚለው ነው። ሰው ያመጣላችሁን ብርቱካን ለእንግዳ ስታቀርቡ ሳቅ ብላችሁ የምትሉት።

ተቃራኒውስ? ስስታምን ምን ይሉታል?

«ቲዬ ጎንግ ጂ» ይሉታል፤ የብረት አውራ ዶሮ። ለምን? ከብረት ዶሮ ላይ አንዲት ላባ መንቀል ስለማይቻል። ጨዋታው ተከታይ አለው፤ አንዱ «የብረት አውራ ዶሮ» ሲል ሌላው «ዪ ማኦ ቡ ባ» ብሎ ይጨርሳል፣ «አንዲት ፀጉር አይነቅልም»።

የፀጉሯ ነገር በጣም ጥንታዊ ናት። ያንግ ጁ የሚባል ፈላስፋ ነበር፤ መንግዝ የተባለው የኮንፊሽየስ ተከታይ በዚህ ሰው ተናዶ፣ ከገላው አንዲት ፀጉር ነቅሎ ዓለምን ሁሉ የሚጠቅም ቢሆን እንኳ አያደርገውም ሲል ጻፈበት። ያንግ ጁም በዚህ ምክንያት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የስስታሞች አባት ሆኖ ቀረ። እኔ ግን ትንሽ አዝንለታለሁ። የእሱ መጽሐፍ አልደረሰንም፤ ስለ እሱ የምናውቀው ሌሎች ከጻፉት ነው፣ ያውም በተለይ ከተቃዋሚዎቹ። በሌላ ጥንታዊ መጽሐፍ ላይ በስሙ የተጻፈው ሐሳብ ደግሞ ሌላ መልክ አለው፤ ማንም አንዲት ፀጉሩን ካላጣ፣ ማንም ዓለምን ልጥቀም ብሎ ካልተነሳ፣ ዓለም ሰላም ትሆናለች የሚል ነው። ይሄ ስለ ብር አይመስልም። «ለእናንተ ጥቅም ነው» እያሉ ፀጉር ከሚነቅሉ ገዢዎች ራሱን የሚጠብቅ ሰው ይመስላል። ግን ምን ይደረግ፣ ስም አንዴ ከወጣ ወጣ።

ስለ ልግስና የሚያወሩት ታሪክ የትኛው ነው?

ብዙ ነው። ፋን ሊ የሚባል ባለሥልጣን ሥልጣኑን ትቶ ነጋዴ ሆነና በ19 ዓመት ሦስት ጊዜ ሺህ ወርቅ አተረፈ፣ ሁለት ጊዜ ለድሃ ወዳጆቹና ለሩቅ ዘመዶቹ አከፋፈለው ይባላል፤ ዛሬ ነጋዴዎች እንደ ሀብት አምላክ ያከብሩታል። ሉ ሱ የሚባል ሌላ ሰው ደግሞ ሁለት ጎተራ ሩዝ ነበረው፤ የጦር መሪው ጆው ዩ ስንቅ ሊጠይቀው ሲመጣ ንግግር ሳያበዛ አንዱን ጎተራ በጣቱ አሳየው፣ «ውሰደው» ነው ነገሩ።

እኔ ግን የምመርጠው የሃን ሺንን ነው።

ሃን ሺን በኋላ የሃን ሥርወ መንግሥትን ካቆሙት የጦር መሪዎች ዋናው ሆነ። ወጣት ሳለ ግን ሁዋይዪን በምትባል ከተማ፣ ዛሬ ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነች፣ ሥራ የሌለው፣ የሚበላ የሌለው፣ ሰው ቤት እየዞረ የሚበላ ልጅ ነበር። አንድ የመንደር ሹም ቤት ወራት በላ። የሹሙ ሚስት ሰለቻት። አንድ ቀን ማለዳ ምግቡን ሠርታ ቤተሰቡ አልጋው ላይ እንዳለ አብልታ ጨረሰች፤ ሃን ሺን በሰዓቱ ሲመጣ ምንም አልተዘጋጀም። ገባው። ተቆጥቶ ወጣ፣ አልተመለሰም።

ከዚያ ከከተማው ቅጥር በታች ዓሣ ለማጥመድ ይቀመጥ ጀመር። እዚያ ሐር የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዷ እናት ረሃቡን አይታ ከምሳዋ ታካፍለው ጀመር። አንድ ቀን አይደለም፤ አጠባው እስኪያልቅ፣ ለብዙ አሥር ቀናት። ሃን ሺን ደስ ብሎት «አንድ ቀን ውለታሽን በብዙ እመልሳለሁ» ቢላት ተቆጣች። ጎረምሳ ሆነህ ራስህን መመገብ አቃተህ፤ አሳዘንከኝና አበላሁህ እንጂ መልስ የምጠብቅ መሰለህ? አለችው። ስሟ እንኳ አልተጻፈም፤ በታሪክ «አጣቢዋ እናት» ናት።

ሃን ሺን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ202 ዓመት የቹ ንጉሥ ሆኖ ወደዚያው አገር ተመለሰ። አጣቢዋን እናት አስጠርቶ ሺህ ወርቅ ሰጣት። «ዪ ፋን ቺየን ጂን»፣ «ለአንድ ማዕድ ሺህ ወርቅ» የሚለው ቼንግ ዩ ከዚህ ነው የመጣው። ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። የሚጣፍጠው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የመንደሩን ሹምም አስጠራው። መቶ ሳንቲም ሰጠውና አንተ ትንሽ ሰው ነህ፣ ደግ ሥራ ጀምረህ አልጨረስክም አለው። ለወራት ያበላው እኮ እሱ ነው! ሒሳቡን በሳህን ብንቆጥረው ሹሙ ይበልጣል። ሃን ሺን ግን የቆጠረው ሌላ ነገር ነው። ትክክል ነው? እኔ እንጃ፤ የሹሙ ሚስት ብትጠየቅ የምትለው ነገር የሚኖር ይመስለኛል። ወራት የሰው ልጅ መቀለብ ቀላል ነው እንዴ?

የአሰጣጡ ሁኔታም ይታያል?

በጣም። «ቡ ሽ ጂዬ ላይ ጅ ሽ» የሚል አባባል አለ፤ «‹አንተ! ና ብላ!› የተባለ ምግብ አልበላም»። ቺ በሚባል ጥንታዊ የቻይና መንግሥት ረሃብ ገብቶ ቺየን አኦ የሚባል ሰው መንገድ ዳር ምግብ አዘጋጅቶ የተራበ ይጠብቃል። አንዱ ፊቱን በእጅጌው ከልሎ፣ ጫማውን እየጎተተ፣ እየተንገዳገደ መጣ። ቺየን አኦ በግራ እጁ ምግብ፣ በቀኝ እጁ መጠጥ ይዞ «አንተ! ና ብላ!» አለው። ሰውየው ዓይኑን ቀና አድርጎ «‹አንተ ና ብላ› የተባለ ምግብ አልበላም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት» አለ። ቺየን አኦ ተከትሎ ይቅርታ ጠየቀው። እምቢ አለ። በረሃብ ሞተ።

የኮንፊሽየስ ደቀ መዝሙር ዜንግዝ ይህን ሰምቶ፣ እንደዚያ ሲጠራ ጥሎ መሄዱ አግባብ ነው፣ ይቅርታ ሲጠየቅ ግን ሊበላ ይገባው ነበር አለ። እኔም ከዜንግዝ ጋር ነኝ። ግን ታሪኩን የሰማ አበሻ ሁሉ ልቡ ከሟቹ ጋር እንደሚሄድ አይቻለሁ።

ቻይናውያን ግን በእውነት ለጋስ ናቸው?

ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ በአንድ ቃል አይመለስም። የማየውን ልንገራችሁ።

ሬስቶራንት ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ የሚሆነውን ብታዩ አገራችሁ ያላችሁ ይመስላችኋል። «በሞቴ እኔ ልክፈል!» የምንለው ግብግብ በቻይንኛም አለ፤ መጎተት፣ እጅ መያዝ፣ ካርድ መንጠቅ። ብልጦቹ መጸዳጃ ቤት የሚሄዱ መስለው ቀድመው ይከፍላሉ። ይሄ ዘዴ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወጣቶቹ ደግሞ እየተካፈሉ መክፈልን ለምደዋል፤ «ኤ ኤ» ይሉታል። ለግብዣ ግን ካንግ ካይ ጂዬ ናንግ አይባልም፣ ቃሉ ይከብዳል። «ወ ቺንግ ከ»፣ «እኔ ነኝ ጋባዡ»፣ ይበቃል። የበዓልና የሠርግ ቀይ ፖስታም በሌላ ወግ ነው የሚሄደው፤ ከ2014 (በፈረንጆች) ወዲህ ዊቻት በሚባለው የመልእክት መተግበሪያ በስልክም ይላካል።

አባባሉ ከፍ ብሎ የሚሰማው መከራ ሲመጣ ነው። በፈረንጆች 2008፣ በእኛ ግንቦት 4 ቀን 2000፣ ሲችዋን ክፍለ ሀገር ዌንችዋን ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በቻይና ልኬት 8.0 ነበር። ወደ 70,000 ሰው ሞተ፣ 18,000 ያህል የደረሰበት ጠፋ። አገሩ ሁሉ ተነሳ፤ ገንዘብ፣ ደም፣ ብርድ ልብስ፣ የተገኘው ሁሉ ተሰጠ። ካንግ ካይ ጂዬ ናንግም በየዜናው ነበር። ግን የብረት ዶሮዋም አልቀረችም። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ትንሽ ሰጡ ያሏቸውን ትልልቅ ድርጅቶች ስም ዘርዝረው «የብረት አውራ ዶሮዎች» እያሉ ያሰራጩ ጀመር፤ ከተዘረዘሩት ውስጥ በእርግጥ የሰጡም ነበሩበት። ከረጢት መፍታት በሰው ፊት የሚቆጠር ሲሆን የሚመጣ ጣጣ ነው። ለቅሶ ቤት የመዋጮ መዝገብ ሲነበብ ያየ ሰው ይገባዋል።

በአማርኛ እንዴት ልተርጉመው?

«የእርዳታ እጃቸውን ዘረጉ» የሚለው የዜና ቋንቋ ያስኬዳል፤ «የእርዳታ» የምትለዋን ከጣላችኋት ግን ሰዎቹን ለማኝ ታደርጓቸዋላችሁ። «ሳይሰስቱ ለገሱ» ንጹሕ ነው። እኔ ቦታ ሳገኝ «ቋጠሯቸውን ፈቱ» እላለሁ። አንድ አርታኢ «ይሄ የገጠር ሴትዮ ያስመስላል» ብሎ ሰርዞብኛል። የገጠር ሴትዮ ብታስመስል ምን ነውር አለው?

በቻይንኛ የእርዳታ ጥሪ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ «ከረጢታችሁን ትፈቱ ዘንድ እንለምናለን» ማለት የተለመደ ነው። አባባሉ ውስጥ ገንዘቡ ስላለ ከኋላው «ብር» የሚል አትቀጥሉበት። መጠኑን መጥቀስ ከፈለጋችሁ «ይህን ያህል ለገሱ» የሚል ሌላ ግሥ ጨምሩ። ለወዳጅ በሚጻፍ መልእክት ከሆነ «ጂዬ ናንግ ሺያንግ ጁ»፣ «ከረጢት ፈትቶ መርዳት»፣ ትንሽ ለስለስ ይላል።

ለብድርስ ይሠራል?

አይሠራም። የሚመለስ ገንዘብ ከረጢት መፍታት አይባልም። እና «ጂዬ»ን ተጠንቀቁ ያልኳችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ድምፃችሁን ከላይ ወደ ታች በኃይል ከጣላችሁት «ጂዬ» መፍታት መሆኗ ይቀርና ብድር ትሆናለች። ይባስ ብሎ ያቺኛዋ «ጂዬ» መበደርም ማበደርም ናት፤ ማን ከማን እንደወሰደ የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። አንድ ጓደኛዬ የአንድ ለጋስ ሰውዬን ደግነት በስብሰባ ፊት ሊያመሰግን ተነስቶ በዚህች ቃና ምክንያት «ከረጢታቸውን ተበደርኩ» የሚመስል ነገር ተናግሮ ተቀምጧል። ሰውየው ግራ ገብቷቸው ቦርሳቸውን ጠጋ አደረጉ።